ጧ ያለው መቼ ነው?

ሙዚቃ ከኮምፒውተር ተነስቶ ዲጂታሉን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ በሚመልሰው ዳክና በአምፕሊፋየር አልፎ ስፒከር እስኪደርስ ድረስ መሀል ላይ «ጧ» ወይም «ጠቅ» ማለት ሲጀምር፣ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ዕቃ መቀየርን ነው። ገመድ ይገዛል፣ ቀጥሎ ዳክ ይገዛል፣ በመጨረሻም ስፒከሩን ይጠረጥራል። በዚህ አካሄድ አልስማማም። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ከሚሰማው ጧታ አብዛኛው የሚመጣው ከተበላሸ ዕቃ አይደለም፤ ጊዜውን ጠብቆ ካልደረሰ ቁጥር ነው። ለዚህ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ጆሮና ትዕግሥት ይበቃል።

ዲጂታል ድምፅ የቁጥር ሰልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ሲዲ ለእያንዳንዱ ቻናል በሰከንድ 44,100 ቁጥር፣ ማለትም ናሙና፣ ይይዛል። ከቪዲዮ ጋር የሚሄድ ድምፅ በአብዛኛው 48,000 ነው። ዳክ የሚባለው መሣሪያ እነዚህን ቁጥሮች በእኩል ጊዜ እየተቀበለ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይመልሳቸዋል። ጥቂቶቹ ከዘገዩ ወይም ከጠፉ ሞገዱ በድንገት ይቆረጣል። ያ መቆረጥ ነው በስፒከሩ ጧ ብሎ የሚወጣው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት «ምን ልግዛ?» ሳይሆን «መቼ ነው የሚለው?» የሚለው ነው።

ዘፈኑን ወደኋላ መልሰው ሲያጫውቱት እዚያው ሰከንድ ላይ ደግሞ ጧ ካለ፣ ድምፁ ያለው ቅጂው ውስጥ ነው። የሙዚቃ አሳታሚው አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሪከርድስን ካቋቋመ በኋላ በሸክላ ከታተሙት ዘፈኖች ዛሬ በኢንተርኔት የምንሰማቸው ብዙዎቹ ቅጂዎች ከተጫወተ ሸክላ የተወሰዱ ናቸው። ጭረቱና አቧራው አብሮ ተቀድቷል። እሱን ለማጥፋት መሣሪያ መቀየር ከንቱ ድካም ነው። በሶፍትዌር አጥብቆ ማጽዳትም የከበሮውን ምትና የክራሩን ጫፍ አብሮ ይበላል። እኔ ጭረቱ ከሚጠፋ ዘፈኑ ሳይጎዳ ይቆይልኝ እላለሁ።

ጧታው ዘፈን ሲጀምር ወይም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ ብቻ ከሆነ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የናሙና ፍጥነት ለውጥ ነው። አንዱ ዘፈን 44,100፣ ቀጣዩ 48,000 ሲሆን ዳኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ለቅጽበት ይደናገራል። ኮምፒውተሩ ሁሉንም በአንድ ፍጥነት እንዲያወጣ በድምፅ ማስተካከያው ላይ ቢወሰን ይህ በአብዛኛው ይቆማል።

ኮምፒውተሩ ሌላ ሥራ ሲበዛበት የሚመጣው ደግሞ የበፈር ችግር ነው። በፈር እንደ ቤታችን ሮቶ ነው፤ ከመስመር የሚመጣው ውኃ ቢቆራረጥም ቧንቧው እኩል እንዲፈስ አስቀድሞ ያጠራቅማል። ሮቶው ትንሽ ከሆነ ቧንቧው ቶሎ ይደርቃል። በ48,000 ፍጥነት 512 ናሙና የሚይዝ በፈር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው የሚያቆየው፤ ወደ 2,048 ሲያድግ 43 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይደርሳል። መሣሪያ እየተጫወተ ለሚቀዳ ሙዚቀኛ ይህ መዘግየት ያስቸግረዋል፤ ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ምንም አይጎዳውም። ዳኩ ከሐርድ ዲስክ ጋር አንድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ከተሰካም ነቅሎ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት፣ ለዩኤስቢ ኃይል የሚቆጥበውን ማስተካከያም ማጥፋት ይጠቅማል።

ጧታው እኩል ልዩነት ጠብቆ እየተመላለሰ ከሆነ የሰዓት አለመስማማትን ይጠርጥሩ። እያንዳንዱ ዲጂታል መሣሪያ የራሱ የክሪስታል ሰዓት አለው። የተገናኙ ሁለት መሣሪያዎች ሰዓቶች ልዩነት በሚሊዮን 50 ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በ48,000 ፍጥነት በየሰከንዱ ከሁለት ናሙና በላይ ይተርፋል ወይም ይጎድላል። ትርፉ ወይም ጉድለቱ ሲጠራቀም መሣሪያው ናሙና ይጥላል ወይም ይደግማል፤ ያኔ ጧ ይላል። መፍትሔው አንዱ መሣሪያ ሰዓት ሰጪ፣ ሌላው ተከታይ እንዲሆን ማስተካከል ነው።

ጮክ ባለው የዘፈን ክፍል ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ኢኩዋላይዘሩን ይመልከቱ። ቤዙን በ6 ዴሲቤል የጨመረ ሰው ጠቅላላውን መጠን በዚያው ልክ ካልቀነሰ፣ ቁጥሩ ከጣሪያው አልፎ ይቆረጣል።

ከኤሌክትሪኩ የሚመጣው ጧታ ለእኛ አገር ቤቶች የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ፍሪጁ ሲነሳ ወይም ሲቆም፣ ስታቢላይዘሩ ቀጭ ሲል ስፒከሩም አብሮ ጧ ካለ፣ ምክንያቱ የሞተሩ መነሳትና የማብሪያው ብልጭታ በመስመሩ ላይ የሚልኩት ሹል ምት ነው። ሙዚቃውን ከፍሪጁ ዲቫይደር መለየት፣ የድምፅ ገመዱን ከኤሌክትሪክ ገመዱ ማራቅ፣ መሣሪያዎቹ ከፈቀዱም በኦፕቲካል ገመድ ማገናኘት ይረዳል፤ ኦፕቲካል ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ያዳምጡ። ጧታው ከቆመ ምንጩ በቻርጀሩ በኩል ነው፤ ለዚህ ምርመራ አንድ ብር አያወጡም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ድምፁ እንዲጠራ ብሎ የአምፕሊፋየሩን የመሬት ሽቦ መቁረጥ ወይም መሬት በሌለው ሶኬት መሰካት ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ውስጡ ያለው ሽቦ አንድ ቀን ከብረት ሽፋኑ ጋር ቢነካካ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መንገድ የነካው ሰው አካል ይሆናል። ይህን የሚመክር ባለሙያ ቢያጋጥምዎ አይስሙት።

የዕቃ ሻጮችንም እለምናለሁ። ውድ የዩኤስቢ ገመድ የበፈርን ችግር አይፈታም፣ የሰዓትን ልዩነት አያስታርቅም። ደንበኛው በቅን ልቦና ሲጠይቅ መጀመሪያ «መቼ ነው የሚለው?» ብሎ መመለስ ሙያም ነው፣ ሐቀኝነትም ነው። በሰው ቤት ውስጥ ጤነኛ ዕቃ አስጥሎ ሌላ ማስገዛት ለአገርም ኪሳራ ነው፤ እነዚህ መሣሪያዎች በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸውና።

አድማጭም የራሱ ድርሻ አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ጧታው የመጣበትን ሰዓትና ያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ ምን እንደበራ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡና ያዳምጡ፤ ለውጥ ከሌለ ወደ ነበረበት መልሰው ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ጧታው ቢቆም እንኳ መድኃኒቱ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ገመድ ከመንቀልዎ በፊት ድምፁን ይቀንሱ፤ መሣሪያዎቹን ሲያበሩ አምፕሊፋየሩን የመጨረሻ፣ ሲያጠፉ ደግሞ የመጀመሪያ ያድርጉት፤ ኃይለኛ ጧታ ስስ የሆነውን የስፒከር ክፍል ሊያቃጥል ይችላልና።

ይህን ሁሉ አድርገው ካልቆመ፣ ያኔ ያን ወረቀት ይዘው ወደ ጥገና ባለሙያ ይሂዱ። ገንዘብዎን ግን ከምርመራው በፊት አያውጡ።