«ሣር» ብለን የምናልፈው እንግጫ

በኪንዶ ዲዳዬ ከሃላሌ ቁልቁል ወደ ኦሞ ሸለቆ፣ በሁምቦ በኩልም ወደ አባያ ሐይቅ ሲወረድ ምድሩ ቆላማና ደረቅ ይሆናል። በእነዚህ አካባቢዎች ዕፅዋትን የምናጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ዛፉንና ቁጥቋጦውን በየዝርያው እንመዘግባለን፤ ከእግራችን ሥር ያለውን ግን አብዛኛውን ጊዜ «ሣር» በሚል አንድ ቃል እንጠቀልለዋለን። ይህ ልማድ መደምደሚያችንን ሊያሳስት ይችላል ብዬ አምናለሁ።

እንግጫ፣ ግጫና ቀጤማ ከሣር ወገን አይደሉም፤ ሳይፐራሴ በተባለ ሌላ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባሉ። አገዳቸው በአብዛኛው ባለሦስት ማዕዘንና ውስጡ ድፍን ነው። በቀዳም ስዑር የሚታደለውን፣ ቡና ሲፈላም የሚጎዘጎዘውን ቀጤማ ስለምናውቅ ቤተሰቡን ከረግረግ ጋር ብቻ እናያይዘዋለን። ይሁን እንጂ ሳይፐረስ ኮንግሎሜራተስ የተባለው ለብዙ ዓመት የሚኖር ዝርያ በሰሐራና በአረቢያ ደረቅ አሸዋ ላይ ይበቅላል። ሥሮቹ አሸዋ ተጣብቆባቸው እንደ እጀ ጠባብ ይለብሱታል፤ አሸዋውን ይይዛል፤ ለግመልም መኖ ይሆናል። በአንጻሩ ሳይፐረስ ሮታንደስ ከመሬት በታች ባሉት ድንች መሰል አካላቱ የሚራባ፣ ማረሻ በበታተነው ቁጥር የሚስፋፋ፣ ከዓለም አስቸጋሪ አረሞች አንዱ ነው። አንደኛው የአፈር መርጋት፣ ሌላኛው የአፈር መታወክ ምልክት ሊሆን ይችላል። በመረጃ ቅጻችን ሁለቱም «ሣር» ከሆኑ፣ «የመሬት ሽፋኑ ጨምሯል» የሚለው ውጤት ማገገምን ይናገራል ወይስ መጎዳትን?

ከዚሁ ከወላይታ የምንማረው አለ። በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት እንዲያገግም የተደረገው በአመዛኙ ሥራቸው ያልሞተ ጉቶዎችን በመከለልና በመግረዝ ነው። ለዛፍ ሥር የሰጠነውን ትኩረት ለእንግጫም ልንነፍገው አይገባም።

«እነዚህን ዕፅዋት መለየት አስቸጋሪ ነው» የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው፤ ያለበሰለ ፍሬ ብዙዎቹን መለየት ያዳግታል። ነገር ግን በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ 6ኛ ቅጽ ቤተሰቡን ይዟል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየምም ለማመሳከሪያ አለ። ስለዚህ ናሙናውን ከነሥሩና ከነፍሬው እንሰብስብ፤ የወላይትኛ ስሙን ከአርሶ አደሩ ጠይቀን አብረን እንመዝግብ፤ አማካሪዎችም «ሣር» የሚል መደብ ብቻ የያዘ ሠንጠረዥ ሲቀርብላቸው ይመልሱት። ስሙ ያልተለየ ዕፅ መብዛቱ ሆነ መጥፋቱ አይታወቅም።