የሩቁ ብርድና የደጃችን በጋ፦ የአየር ግፊቶች እንዴት ይተሳሰራሉ?

ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት ለአብዛኛው የአገራችን ክፍል ደረቅ ወቅት ናቸው። አርሶ አደሩ የዓመት ልፋቱን አጭዶ፣ ከምሮና ወቅቶ ወደ ጎተራ የሚያስገባው በእነዚሁ ወራት ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ይፈራሉ። አንደኛው በማሳና በአውድማ ላይ ያለን ሰብል የሚያበላሸው ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ነው። ሁለተኛው በደጋማ አካባቢዎች በአንድ ሌሊት ማሳን የሚያጠወልገው ውርጭ ነው። የሁለቱም መነሻ ብዙውን ጊዜ ከእኛ ሰማይ እጅግ ርቆ ይገኛል። ከሳይቤሪያ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ የተዘረጉ የአየር ግፊት ሥርዓቶች የበጋችንን ጠባይ ይቀርጻሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይነካካሉ።

በቅድሚያ አንድ የስያሜ ጉዳይ ማጥራት ይገባል። እኛ ክረምት የምንለው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የዝናብ ወቅት ነው። የአውሮፓ፣ የሰሜን እስያና የሰሜን አሜሪካ የብርድ ወቅት ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚዘልቅ በመሆኑ በአብዛኛው ከእኛ በጋ ጋር ይገጥማል። በእነርሱ ዘንድ ምድር በበረዶ በምትሸፈንበት ጊዜ በእኛ ዘንድ አውድማ ይለቀለቃል።

የአየር ግፊት ማለት ከላያችን ያለው አየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የሚያርፈው አየር ወደ 100 ኩንታል ይመዝናል። ይህም በመለኪያው ቋንቋ በአማካይ 1013 ሄክቶፓስካል ነው። የምድር አየር ጠቅላላ ክብደት እምብዛም ስለማይለወጥ አየሩ በአንዱ ስፍራ ሲከማች በሌላው መሳሳቱ አይቀርም። ግፊቶች እንደ ሚዛን ሁለት ክንድ አንዱ ሲወርድ ሌላው የሚወጣው ስለዚህ ነው።

በሰሜኑ የብርድ ወቅት ትልቁ ክምችት የሚገኘው በሳይቤሪያና በሞንጎሊያ ላይ ነው። ሰፊው የእስያ ምድር በረጅሙ ሌሊት ሙቀቱን ያጣል፤ የቀዘቀዘው አየርም ከብዶ በመሬት ላይ ይተኛል። አጋታ በተባለ የሳይቤሪያ ጣቢያ ታኅሣሥ 22 ቀን 1961 ዓ.ም የተመዘገበው ግፊት ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ ሲሰላ 1083.8 ሄክቶፓስካል ነበር። ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከአማካዩ 7 ኩንታል ያህል የበለጠ አየር ተጭኖ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ክምችት የሚመነጨው ተጽዕኖ በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ እስከ አረቢያ ልሳነ ምድር ይዘልቃል። በዚያ ካለው ከፍተኛ ግፊት ጋር ተባብሮ ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ወደ አገራችን ይልካል። በጋችን ጥርት ያለ ሰማይ፣ ፀሐያማ ቀንና ብርዳማ ሌሊት የሚኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ደመና ሌሊቱን እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የምድርን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ሰማዩ ሲጠራ፣ አየሩ ሲደርቅና ነፋሱ ሲረጋ ግን ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል፤ ከባዱ ቀዝቃዛ አየርም ወደ ረባዳ ቦታዎች ይፈስሳል። ከኅዳር እስከ ጥር በደጋው ውርጭ የሚበረታው ለዚህ ነው።

ይህ ሥርዓት ሁልጊዜ አይጸናም። በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ፈጣን ነፋስ አንዳንድ ጊዜ ተጣጥፎ ዝቅተኛ ግፊትን ከሜዲትራኒያን አካባቢ ወደ ደቡብ ይስባል። የአረቢያው ከፍተኛ ግፊትም ወደ ምሥራቅ ተገፍቶ በአረብ ባሕር ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ወደ እኛ የሚመጣው ነፋስ በባሕር ላይ ስለሚያልፍ እርጥበት ተሸክሞ ይደርሳል። በመኸር መሰብሰቢያ ጊዜ ድንገት የሚጥለው ዝናብ ብዙውን ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። ይኸው ሂደት በየካቲትና በመጋቢት ሲደጋገም ግን የበልግ አብቃይ አካባቢዎች የሚጠብቁት በረከት ይሆናል።

ሩቅ ለሩቅ ያሉ ግፊቶች መተሳሰራቸው የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በግሪንላንድ የነበረ ሳቢ የተባለ የዴንማርክ ሚሲዮናዊ፣ ክረምቱ በዴንማርክ ሲከፋ በግሪንላንድ እንደሚለዝብ፣ በዚያ ሲለዝብም በዚህ እንደሚከፋ ጽፏል። በ1899 እ.አ.አ የሕንድ የዝናብ ወቅት ከሽፎ ከባድ ረሃብ ከደረሰ በኋላ ደግሞ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጊልበርት ዎከር በ1904 የሕንድ ሚቲዮሮሎጂን በኃላፊነት ተረከበ። ዝናቡን አስቀድሞ ለመተንበይ ሲል የዓለምን የግፊት መዛግብት አነጻጸረ። በ1920ዎቹም ሦስት ታላላቅ ሚዛኖችን ለይቶ ሰየመ፤ እነርሱም የሰሜን አትላንቲክ፣ የሰሜን ፓስፊክና የደቡብ ውዝዋዜዎች ናቸው።

በአትላንቲክ በኩል በአይስላንድ አጠገብ ያለው ዝቅተኛ ግፊትና በአዞርስ ደሴቶች ያለው ከፍተኛ ግፊት አብረው ሲበረቱ ለብ ያለ የምዕራብ ነፋስ ሰሜን አውሮፓን ያሞቃል። አብረው ሲደክሙ ብርዱ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በ2009 እና 2010 እ.አ.አ መካከል በነበረው የብርድ ወቅት ሁለቱም እጅግ ደክመው ነበር። ያን ጊዜ ሰሜን አውሮፓና የአሜሪካ ምሥራቅ በብርድና በበረዶ ሲመቱ ግሪንላንድ ከወትሮው ሞቃ ነበር። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን በፌብሩዋሪ 2010 የተቆለለውን በረዶ ያስታውሱታል።

በፓስፊክ በኩልም በአሉሺያን ደሴቶች ላይ ያለው ዝቅተኛ ግፊት በኤልኒኖ ዓመታት ይጠልቃል። በብርዱ ወቅት ማብቂያ አካባቢ ደግሞ የአሉሺያኑ ሲጠልቅ የአይስላንዱ የመሳሳት፣ ያኛው ሲሳሳም ይኸኛው የመጥለቅ ዝንባሌ አለው። አንዱ ሚዛን ሌላውን ሚዛን ይነካል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዝንባሌ ፍርድ አይደለም። የአትላንቲኩ ሚዛን በሳምንታት ውስጥ ስለሚገለባበጥ ወራት ቀድሞ በእርሱ ላይ መተማመን ያስቸግራል። ከውቅያኖስ ሙቀት ጋር የተሳሰሩት ግን ቀስ ብለው ስለሚለወጡ ለወቅት ትንበያ ይመቻሉ። በኤልኒኖ ዓመታት የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ የመቀነስ፣ በበጋው መጀመሪያ ደግሞ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ዝናብ የመጨመር ዝንባሌ ያሳያል። በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ ግን የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ከምሥራቁ ይልቅ እጅግ ሞቆ፣ ያለ ብርቱ ኤልኒኖ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጎርፍ ተከተለ፤ እርጥበቱም ለበረሃ አንበጣ መራባት ተመቸ። አንዱን ስም ብቻ ሰምቶ ስለ ወቅቱ መወሰን የማይበጀው ስለዚህ ነው።

ይህ እውቀት በማሳ ላይ ምን ይፈይዳል? የወቅት ትንበያ አጠቃላይ ዝንባሌን ሲነግር የአሥር ቀንና የዕለት ትንበያ መቼ መታጨድ እንዳለበት ይጠቁማል፤ ሁለቱ አይተካኩም። የእርጥበት ማስጠንቀቂያ ሲወጣ የደረሰውን ሰብል ፈጥኖ መሰብሰብ፣ ነዶውን ከፍ ባለና ውኃ በማይተኛበት ቦታ መከመር፣ ክምሩንም ዝናብ በማያስገባ አኳኋን መክደን ያስፈልጋል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ በሚረጋባቸው ቀናት ደግሞ ውርጭን መጠበቅ ይገባል። ማሳን አስቀድሞ ማጠጣት ይረዳል፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይለቅቃልና። የበጋ መስኖ ስንዴ የሚዘራም ሰብሉ የሚያብብበት ጊዜ ከብርቱው ውርጭ ጋር እንዳይገጥም የዘር ጊዜውን ማስላት፣ ለብርድ ስስ የሆኑትን እንደ ድንች ያሉ ሰብሎች ከረባዳው ማራቅ ይጠቅመዋል።

ጉዳዩ የከተማ ነዋሪውንም ይመለከታል። በአውድማ ላይ የረጠበ ጤፍ ጥራቱ ይወርዳል፤ በገበያ ላይ የሚቀርበው መጠንም ይቀንሳል። ስለዚህ የአየር ጠባይ ዘገባ ከዜና ማብቂያ ላይ የሚደመጥ ማሟያ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ትንበያው በቋንቋው፣ በቀበሌው ስምና በጊዜው ለአርሶ አደሩ ካልደረሰ የሳይቤሪያን ግፊት መለካት ብቻውን አንዲት ነዶ አያድንም።