እንደ ድሮው ባይሮጥስ?

በጉባኤዎቻችን ለምስክርነት የሚወጣ ሰው ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ታመምኩ፣ ሐኪሞች ተስፋ ቆረጡ፣ ተጸለየልኝ፣ አሁን ደህና ነኝ። እኛም እልል እንላለን፤ ደግሞም ይገባል። ጌታ እንዲህ እንደሚሠራ እናምናለን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ላይ በመቅደሱ ደጅ ይለምን የነበረው ሰው ተነሥቶ መራመድ ብቻ ሳይሆን እየዘለለ ወደ ውስጥ እንደገባ እናነባለንና። ነገር ግን «ገና መንገድ ላይ ነኝ» ለሚል ሰው መድረካችን ላይ ቦታ የለንም። ይህን ያወቅነው በአንድ ወንድማችን እግር ምክንያት ነው።

ወንድማችን ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ፈጣን፣ በክንፍ በኩል የሚሮጥ። በመኪና አደጋ የተሰበረው የቅልጥም አጥንቱ ሳይስተካከል ገጠመና አንዱ እግሩ ከሌላው በ4 ሴንቲ ሜትር አጠረ። ሐኪሞች አጥንት የሚያስረዝም ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉለት ሲወስኑ እርሱ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ወደ ሜዳ እመለሳለሁ ወይ?» እኛም ጊዜ ሳንወስድ «በኢየሱስ ስም ከድሮው አብልጠህ ትሮጣለህ» አልነው። ለመጻፍ ያነሳሳን ያ መልሳችን ነው።

ያን ቀን ስለ ሕክምናው ምንም አናውቅም ነበር። በኋላ እንደተረዳነው፣ ዘዴውን የጀመሩት በሳይቤሪያ በምትገኘው ኩርጋን ከተማ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። በእግሩ ዙሪያ የብረት ቀለበቶች ይታሰራሉ፤ ከቀለበቶቹም ቀጫጭን ሽቦዎች በሥጋው አልፈው አጥንቱን ይይዛሉ። ከዚያ አጥንቱ ይቆረጣል። ለአንድ ሳምንት ያህል ምንም አይነካም። ቀጥሎ በሽተኛው ራሱ ወይም ቤተሰቡ በትንሽ መፍቻ ዳዶውን ማዞር ይጀምራል። በአንድ ጊዜ ሩብ ሚሊ ሜትር፣ በቀን አራት ጊዜ፤ በድምሩ በቀን 1 ሚሊ ሜትር። በሁለቱ የአጥንት ጫፎች መካከል በሚከፈተው ክፍተት ውስጥ አዲስ አጥንት ይበቅላል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዳዶውን ፈጥኖ የሚያዞር ሰው አጥንቱ ሳይበቅል ይቀድመዋል፣ ነርቩንና ጡንቻውንም ይጎዳል። በጣም የሚያዘገይም አጥንቱ ከሚፈለገው ርዝመት ሳይደርስ ይዘጋበታል። ለ4 ሴንቲ ሜትር 40 ቀን ይበቃል ብለን አስልተን ነበር። ለካስ ያ መጀመሪያው ብቻ ነው። የበቀለው አጥንት ለስላሳ ስለሆነ እስኪጠነክር ድረስ ብረቱ ከመሳቢያው ጊዜ በሚበልጥ ቆይታ እግሩ ላይ ይቀራል። በግምት ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። ወንድማችን ስድስት ወር ተሸከመው።

አጥንቱ ደግሞ ከቀሪው ይቀላል። ጡንቻና ጅማት እንደ አጥንት አይታዘዙም። ባቱ ይወጠርና ተረከዙን ወደ ላይ ይስባል፤ በየቀኑ ካልተፍታታ ሰውየው በእግር ጣቱ የሚራመድ ሆኖ ይቀራል። ሽቦዎቹ በሚገቡበት ቦታ ቁስሉ መግል ይይዛል። ሌሊቱ ይረዝማል። እንዲያም ሆኖ ሐኪሞች ብረቱን እንደታሰረ በክራንች ተነሥቶ እንዲራመድ ያዙታል፤ አዲሱ አጥንት የሚጠነክረው የሰውነቱ ክብደት በልኩ ሲያርፍበት ነውና። ሩጫና ዝላይ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ብረቱ ከወጣም ወራት ቆይቶ ነው። የአንዳንዱ ሰው ጉልበት ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ የአንዳንዱ አይመለስም። ይህን አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚናገር ሐኪም አላጋጠመንም። የተናገርነው እኛ ነን።

ብረቱ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ወደ መድረክ ጠራነው። ክራንቹን አንዱ አገልጋይ ተቀበለው። ጉባኤው አጨበጨበ፤ «ሩጥ!» የሚል ድምፅም ተሰማ። ከመድረኩ አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሮጠ፤ እኛም አለቀስን። ማታውን እግሩ አበጠ። ራጅ ሲነሣ አዲሱ አጥንት በትንሹ ጎብጦ ተገኘና ሁለት ወር በጀሶ ቆየ። ሐኪሙ ምን እንዳለን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ከጀሶው ይልቅ የከፋው ሌላ ነው። ወንድማችን ከኅብረት ቀረ። ተቀይሞን መስሎን ይቅርታ ልንጠይቀው ሄድን። እርሱ ግን አልተቀየመም፤ አፍሮ ነበር። «የጎበጠው እምነቴ ነው» አለን። ይህን ያስተማርነው እኛ ነን፤ በአንደበታችን ባንናገረውም በጭብጨባችን አስተምረነዋል።

ኢሊዛሮቭን ታዋቂ ካደረጓቸው ሰዎች አንዱ የሶቪየት ኅብረቱ ከፍታ ዘላይ ቫሌሪ ብሩሜል ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 2 ሜትር ከ28 ዘልሎ የዓለምን ክብረ ወሰን ያሻሻለ፣ በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። በ1965 በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ ክፉኛ ተሰባበረ። ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም አልተሳካም፤ እግሩም አጠረ። ከዓመታት በኋላ ኩርጋን ሄደ፤ ኢሊዛሮቭ አጥንቱን አክመው እግሩን አስረዘሙለት። ብሩሜልም ወደ ልምምድ ተመልሶ ከ2 ሜትር በላይ ዘለለ። ወደ 2 ሜትር ከ28 ግን በሕይወቱ ዳግመኛ አልተመለሰም።

ብሩሜል ከእኛ ጉባኤ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን እናደርገው ነበር? እንፈራለን፤ «ቀሪውን 20 ሴንቲ ሜትር ጌታ ይሞላልሃል» ብለን እንጸልይለት ነበር። ለዓመታት በክራንች የኖረ ሰው ከራሱ ቁመት በላይ ያለ እንጨት መሻገሩን ሳናይ፣ የጎደለውን እንለካለን።

«ይህማ እምነትን ማሳነስ ነው፤ እግዚአብሔር ሁሉን ይችላል» የሚለን ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ይችላል። ከዚህ አንድም ቃል አንቀንስም። ነገር ግን እንደሚችል ማመንና እንዴትና እስከ ምን ድረስ እንደሚያደርግ በስሙ ቃል መግባት የተለያዩ ናቸው። ያዕቆብ ከጵኒኤል የወጣው ተባርኮ ነው፤ የወጣውም እያነከሰ ነው (ዘፍጥረት 32)። ሜምፊቦስቴ በንጉሡ ገበታ ዘወትር ሲበላ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ነበሩ፤ ዳዊት ገበታውን ለመስጠት እስኪድን አልጠበቀም (2ኛ ሳሙኤል 9)። መዝሙር 147 ቁጥር 10 ደግሞ የጌታ ደስታ በሰው እግር ብርታት እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ስፖርተኛ ወንድሞቻችን ይህን ቁጥር ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፤ እኛን ግን ያን እሑድ የዘነጋነውን አስታወሰን። የዕብራውያን ጸሐፊም በምዕራፍ 12 ስለሚያነክሰው ሲናገር፣ መንገዱ ቀና እንዲሆን ያዘዘው በዙሪያው ላሉት ጭምር ነው፤ ያለዚያ የሚያነክሰው ይናጋል እንጂ አይፈወስም። እኛ መንገዱን ማቅናት ትተን አስሮጥነው።

በነገራችን ላይ፣ እግሩ ላይ ብረት እንዳለ በጭንቀት ቁመቱን ስለሚጨምር ሰው የሚናገረውን የማቴዎስ 6 ቃል እየጠቀሱ የቀለዱበት ነበሩ። ቃሉ ስለ ጭንቀት ይናገራል እንጂ ያጠረ እግር ስለሚታከም ሰው አይደለም። ቁመታቸው ብቻ አሳፍሯቸው ጤነኛ አጥንታቸውን ለማስቆረጥ እስከ ቱርክ ድረስ የሚሄዱ ወጣቶች መኖራቸው ግን እውነት ነው። ለእነርሱ ፍርድ የለንም፤ ነገር ግን ከመሄዳቸው በፊት ያ ሕክምና ሩጫቸውን ሊወስድባቸው እንደሚችል ይወቁ። አጭር በመሆናቸው የቀለድንባቸው እኛ ከሆንን ደግሞ ሂሳቡ ወደ እኛ ይመለሳል።

አሁን ጸሎታችን ተለውጧል። እንደዚህ ላለ ሰው ስንጸልይ ለዛሬው ሩብ ሚሊ ሜትር፣ ሽቦው ለገባበት ቁስል፣ ለሌሊቱ እንቅልፍ እንጸልያለን። ማን እንደሚያደርሰው፣ እናቱን በማስታመሙ ማን እንደሚያሳርፋት እንነጋገራለን። ለምስክርነትም ያልጨረሰ ሰው ይወጣል፤ ክራንቹን የሚቀበለው የለም።

ወንድማችን ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ከልጆቹ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ይጫወታል። ፍጥነቱ አልተመለሰም፤ ወደ ክንፍ አይወጣም፣ ከኋላ ይቆማል። ባለፈው ወር ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ጠየቀን፤ «እንደ ድሮው እሆናለሁ ወይ?» ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ አንዳችን «አናውቅም» አለው፤ ቀጥሎም የሰኞው ፊዚዮቴራፒ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀው። ሦስት ሰዓት ነው አለ። ሁለታችን ልንወስደው ተስማማን።