ስማችን «ልዩ ምልክት» አይደለም

ፎርም ላይ ስማችሁን ስትሞሉ «ልዩ ምልክት አይፈቀድም» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጥቶባችሁ ያውቃል? ብዙዎቻችን ምልክቷን አጥፍተን እናልፋለን። ጉዳያችን ይለቅልን እንጂ ምን አገባን! እኔ ግን ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ አንድ ጥያቄ አይለቀኝም፤ የዚህን ነገር ዋጋ የሚከፍለው ማነው?

መጀመሪያ ችግሩ የት ጋ እንደሚፈጠር እንይ። የሞላነው ነገር ዳታቤዝ ውስጥ የሚገባው «ኢንሰርት» በሚባል ትእዛዝ ነው። በኤስኪውኤል ቋንቋ ደግሞ ጽሑፍ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በነጠላ ጥቅስ ነው። መዓዛ የሚባል ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ መሀሉ ላይ ይቺው ነጠላ ጥቅስ የምትገባበት ጊዜ አለ። በእኛ ፊደል ላሳያችሁ፦ 'መ'አዛ'። ዳታቤዙ 'መ' ላይ ሲደርስ ስሙ ያለቀ ይመስለዋል። የተረፈውን «አዛ» እንደ ትእዛዝ ሊያነብ ይሞክራል፣ ግራ ይገባዋል፣ ስህተት ብሎ ይቆማል። መዓዛም ሳትመዘገብ ቀረች ማለት ነው።

ለኦሮምኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በቁቤ ይቺ ጭረት ሁድሃ ትባላለች፤ የራሷ ድምፅ አላት። «ዛሬ» የሚለው ቃል፣ ሀርአ፣ ያለ እሷ በትክክል አይጻፍም። አጥፏት ማለት ከቃሉ ላይ አንድ ድምፅ ቁረጡ ማለት ነው።

ምልክቱን የሚከለክሉ ሰዎች የሚሰጡት ምክንያት ደህንነት ነው። ስጋቱ እውነት ነው። አጥቂው ነጠላ ጥቅሷን ተጠቅሞ ጽሑፉን ይዘጋና ከኋላዋ የራሱን ትእዛዝ ያስከትላል። ይህ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአደባባይ የታወቀ ነው። በ2015 የብሪታንያው የቴሌኮም ድርጅት ቶክቶክ በዚሁ መንገድ ተጠቅቶ የ157 ሺህ ያህል ደንበኞቹ መረጃ ወጥቷል፤ በቀጣዩ ዓመትም 400 ሺህ ፓውንድ ተቀጥቷል።

መፍትሔው ግን ስም መከልከል አይደለም። ፕሪፔርድ ስቴትመንት የሚባል አሠራር አለ። ትእዛዙ ባዶ ቦታ እየተተወለት ቀድሞ ይሄዳል፣ ስሙ ለብቻው ይከተላል። ዳታቤዙም ስሙን በምንም መንገድ እንደ ትእዛዝ አያነበውም። ፒኤችፒም፣ ጃቫም፣ ፓይተንም አላቸው፤ ክፍያ የለው፣ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። እንዲያውም ስልካችሁ ላይ የሚታየው ክልከላ ብቻውን አጥቂውን አያስቆመውም፤ እሱ ፎርሙን ዘሎ በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ መላክ ይችላል። የሚቆሙት እነመዓዛ ናቸው። ለኤስኪውኤል ምንም የማታደርገው የ«ገ/ማርያም» እዝባር እንኳ አብራ ትታገዳለች!

ሁለተኛው ጉዳይ ፊደላችን ራሱ ነው። ስማችሁ በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ከታየ ብዙ ጊዜ ችግሩ የፎንት ነው፤ ስሙ ዳታቤዙ ውስጥ በሰላም አለ። «?????» ሆኖ የተቀመጠ ከሆነ ግን አልቋል። ፊደሉን የማያውቅ ቦታ ላይ ሲገባ በጥያቄ ምልክት ተተክቷል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ባለሙያ ከአምስት ጥያቄ ምልክት ውስጥ ስም ማውጣት አይችልም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ከጽሑፉ በፊት «ኤን» የምትባለዋን አንዲት ፊደል መርሳት ብዙ ጊዜ ለዚህ ይበቃል።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ «ሲስተሙ አማርኛ አይቀበልም» የሚለው መልስ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። አማርኛ ስለሠራ ብቻም ሁሉም ሠራ ማለት አይደለም። የማይኤስኪውኤል የድሮው «ዩቲኤፍ 8» ለአንድ ፊደል ከሦስት ባይት በላይ አይሰጥም። የአማርኛ ፊደላት ሦስት ባይት ስለሆኑ ያልፋሉ። በ2021 ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩት ፊደላት ግን አራት ባይት ናቸው፤ አይገቡም። «ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4» የሚባለው ምርጫ ይህን ይፈታል፤ ከ2010 ጀምሮም አለ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ኢኮኖሚክስ ውስጥ ኤክስተርናሊቲ የሚባል ነገር አለ፤ አንዱ የወሰነውን ሌላው ሲከፍልበት ማለት ነው። ኮድ ጸሐፊው ምልክቷን በመከልከል ምናልባት ግማሽ ቀን ይቆጥባል። ዋጋው ግን አልጠፋም፤ ወደ እኛ ዞሯል። ዲግሪዋ ላይ በጭረት፣ ባንክ ላይ ያለ ጭረት፣ ፓስፖርቷ ላይ በሌላ አጻጻፍ የተመዘገበች ልጅ «አንድ ሰው ነኝ» ብላ ለማስረዳት ትመላለሳለች። የትራንስፖርቱ፣ ከሥራ የቀረችበት ቀን፣ የማስረጃው ክፍያ በማንም የሶፍትዌር በጀት ላይ አይታይም። የፋይዳ ቁጥር ከባንክ ሒሳብ ጋር በሚያያዝበት በዚህ ጊዜ ደግሞ የአንዲት ፊደል ልዩነት ብዙ በር ይዘጋል።

ዋጋው ወደ ወሰነው ሰው እንዲመለስ ማድረግ ይቻላል። ሲስተም የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አምስት ስም ይሞክር፦ ጭረት ያለበት፣ ሁድሃ ያለበት፣ እዝባር ያለበት፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ በአዲሶቹ የጉራጌ ፊደላት የተጻፈ። መዝግቦ መልሶ ያንብባቸው። አንዱ እንኳ ተበላሽቶ ከወጣ ሥራው አላለቀም፤ ርክክብ የለም። ሙከራው አንድ ሰዓት አይፈጅም።

እናንተ ኮድ የምትማሩ ልጆች ደግሞ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን በዚሁ ፈትኑት። ተጠቃሚ የሆንን ደግሞ ምልክቷን ዝም ብለን ከማጥፋት ስክሪንሾት አንስተን እንላክላቸው፣ እንጨቅጭቃቸው። ቅሬታ ያልደረሰው ሰው ችግር ያለ አይመስለውም። ስሙን ያወጡት ወላጆቻችን ናቸው፤ ሲስተሙ ሥራው እንደተሰጠው መመዝገብ ብቻ ነው።