የአሮጌ ድምፅ አዲስ ሣጥን

የጊታር አምፕሊፋየር ምንድን ነው ተብለው ቢጠየቁ፥ አንባቢዬ፥ «ድምፅን የሚያጐላ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው» ብለው ይመልሱ ይሆናል። መልስዎ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ነው። የቀረው ግማሽ እንጨት ነው። ከበሮ በቆዳው ብቻ ከበሮ እንዳልሆነ፥ የተፈለፈለው የዋንዛ ግንድም ለድምፁ ድርሻ እንዳለው ሁሉ፥ አምፕሊፋየርም ከሽቦውና ከአምፖሉ ሌላ ድምፁን የሚቀርጽለት ሣጥን አለው። ታዲያ ይህ ሣጥን በእርጥበት ሲበሰብስ፥ ሲሰነጠቅ ወይም አንድ ችኩል ሰው በመጋዝ ሲያበላሸው ምን ይደረጋል? የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ነው። ነገሩ ሲያዩት የአናጢ ሥራ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የታማኝነት ጉዳይም አለበት።

ለምሳሌ ያህል አንዱን ዕቃ ለይተን እንያዝ። ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ ፉለርተን በምትባል ከተማ በ1938 የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ1946 የጊታርና የአምፕሊፋየር ኩባንያውን አቋቋመ፤ በ1965 መጀመሪያም ሲ.ቢ.ኤስ. ለተባለው ድርጅት በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። የሚያስደንቀው ነገር ሰውዬው ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ፋብሪካው በ1950ዎቹ ከሠራቸው አምፕሊፋየሮች አንዱ ዴሉክስ ይባላል። በ1955 የወጣውና እስከ 1960 የተሠራው ዐይነት ቁመቱ 42፥ ስፋቱ 51፥ ጥልቀቱ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ኃይሉ ከ15 ዋት አያልፍም። ይህን ትንሽ ሣጥን አይናቁት፤ ካናዳዊው ኒል ያንግ በ1959 የተሠራውን አንድ ዴሉክስ ይዞ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በትላልቅ መድረኮች ተጫውቶበታል።

አራቱ ሳንቃዎች ፓይን ከሚባለው ለስላሳ እንጨት የተቈረጡ ናቸው፤ ውፍረታቸው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ፓይን ግን እኛ የሐበሻ ጥድ የምንለው ዛፍ እንዳይመስልዎ፤ ሁለቱ የተለያዩ ዛፎች ናቸው። ማዕዘኖቹ በሚስማር አልተያያዙም። የአንዱ ሳንቃ ጫፍ እንደ ጣት ይከፋፈልና በሌላው ሳንቃ ጣቶች መካከል ይገባል፤ ከዚያም በሙጫ ይጣበቃል። ሁለት እጅዎን ጣት በጣት አቈላልፈው ቢያዩ አሠራሩ ወዲያው ይገባዎታል። ሙጫ የሚይዘው ገጽ ስለሚበዛ ማዕዘኑ ጽኑ ይሆናል።

የተፈጥሮ ሳይንስ የሚማሩ አንባቢዎቼ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጠው በርዝመቱ ሳይሆን በአግድሙ ነው። በዚህ ሣጥን የአራቱም ሳንቃዎች የእንጨት ክር ሣጥኑን እየዞረ ስለሚሄድ፥ በክረምት ሲያብጡ አራቱም በአንድ አቅጣጫ፥ ማለት በጥልቀት በኩል፥ አብረው ይሰፋሉ፤ በበጋም አብረው ይጠባሉ። ስለዚህ ማዕዘኑ አይጣላም። አንዱን ሳንቃ ክሩን አዙረው ቢያስገቡ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሰነጠቃል።

እንግዲህ አዳሹ አስቀድሞ ራሱን የሚጠይቀው «አዲስ ልሥራ ወይስ ያለውን ልጠግን?» ብሎ ነው። እኔ ጥገናውን እመርጣለሁ። የለቀቀ ማዕዘን ታጥቦና ተጠርጎ እንደ ገና ይጣበቃል፤ ከቆዳ የሚፈላው የጥንቱ ሙጫ በሙቀትና በውሃ ስለሚለቅ ለዚህ ሥራ ይመቻል። አንድ ሳንቃ ብቻ ከበሰበሰም አንዱን ለውጦ ሦስቱን ማዳን ይቻላል። አራቱም እንደ ብስኩት የሚፈረፈሩ ሲሆን ነው አዲስ መሥራት ግድ የሚሆነው።

አዲሱ እንጨት ከመቈረጡ በፊት ሣጥኑ በሚኖርበት ክፍል ለሳምንታት ይቀመጥ። ጣቶቹ ሲቈረጡ የእያንዳንዳቸው ስሕተት የፀጉር ያህል እንኳ ቢሆን፥ እየተደመረ ሄዶ የመጨረሻው ጣት አልገባም ይላል። ጥሩ መጋጠሚያ በእጅ ተገፍቶ፥ ግፋ ቢልም በእንጨት መዶሻ ቀስ ተብሎ ተመትቶ የሚገባ ነው፤ በኃይል የገባ ፓይን ይሰነጠቃል። ሙጫ ሳይነካው መጀመሪያ በደረቁ ይገጣጠም፤ ከዚያም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሁለቱም ወገን ይለካ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ሣጥኑ ቀጥ ብሏል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ አዳሾች የሚስቱት ስፒከሩ የሚታሰርበትን የፊት ሰሌዳ ነው። በዚያ ዘመን ዴሉክስ ይህ ሰሌዳ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ዙሪያውን በሙጫ ሳይታተም በጥቂት ቦታ በብሎን ብቻ ይያዛል። ስስና ልቅ በመሆኑ ከስፒከሩ ጋራ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ሰው የሚወድደው ሞቅ ያለ ድምፅ አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። አናጢው ግን ስስ ሰሌዳ ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ «ላጠንክረው» ብሎ በወፍራም ቺፑድ ይተካና በሙጫ ያትመዋል። ሰሌዳው ጠነከረ፤ ድምፁ ግን ሌላ ሆነ። የኋላ መዝጊያውም እንዲሁ ነው። ሣጥኑ ከኋላ ግማሹ ክፍት ስለሆነ ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው ማዕበል ዞሮ ከፊተኛው ጋራ ሲገናኝ፥ አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ፥ ወፍራሙን ድምፅ በከፊል ያጠፋዋል። ክፍተቱን ማጥበብም ማስፋትም ድምፁን ይለውጣል። ስለዚህ አሮጌው ሳይጣል ልኩ ይወሰድ።

አሁን ስለ አደጋው ልናገር፤ እዚህ ላይ ቀስ ብለው ያንብቡ። ሣጥኑን ለማደስ በውስጡ የተሰቀለውን የኤሌክትሪክ ክፍል ማውጣት ያስፈልጋል። በዚህ ክፍል ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ አለ። ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ እንኳ ኮንደንሰሮቹ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ይህም ሰው ይገድላል። ስለዚህ ባለሙያ በመለኪያ አይቶ ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጥ ማንም እጁን አያግባ። በአንዳንድ አሮጌ ሣጥኖች ውስጥ ከሙቀት ለመከላከል የተለጠፈ ግራጫ የአስቤስቶስ ወረቀትም ይገኛል፤ ብናኙ ለሳምባ ጠንቅ ነውና በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ። ሥራው አልቆ ሲሞከርም ስፒከሩ ሳይያያዝ አይከፈት፤ የመውጫው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል።

የሣጥኑ ልብስ ትዊድ የሚባለው ባለ ሰያፍ መስመር የጥጥ ጨርቅ ነው። እርሱን ከለጠፉ በኋላ ሼላክ የተባለውን ቢጫ ቅብ ደጋግሞ መቀባት የማር መልክ ይሰጠዋል። ለዐይን ደስ ይላል። ችግሩም የሚመጣው ከዚህ ደስታ ነው።

በሣጥኑ ውስጥ የአምፖሎቹን ስም የያዘ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል፤ በላዩም ሁለት ፊደል ታትሞበታል። የመጀመሪያው ዓመቱን፥ ሁለተኛው ወሩን ያሳያል። ኤ የተባለው ፊደል 1951፥ ኤች 1958 ነው፤ ኤችና ኢ ተከታትለው ቢገኙ ግንቦት ገደማ፥ ማለት የፈረንጆች ሜይ 1958 ይሆናል። የዕቃው የልደት ወረቀት ይኸው ነው። ያልተነካ ዴሉክስ ብዙ ሺህ ዶላር ስለሚያወጣ፥ አንዳንድ ሰዎች አዲስ ሣጥን ሠርተው፥ ጨርቁን አርጅተው፥ ወረቀቱንና ማኅተሙንም አስመስለው ያልተነካ ነው ብለው ይሸጣሉ። የእጃቸው ሙያ እስቲያስቀና ድረስ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን ሌብነት ነው። ገንዘቡን አጠራቅሞ የገዛውን ወጣት ሙዚቀኛ ያስቡት።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶችም በኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወቱ ነበርና፥ ከዚያ ዘመን የተረፈ አምፕሊፋየር በአንድ ጓዳ ቢገኝ አያስገርምም። ፓይን ካጡ ዋንዛ ይሁን፤ ቀላልና ለመላግ የሚመች እንጨት ነው፤ ያማረ ሣጥንም ይወጣዋል። ግን አዲስ መሆኑ ይነገር። አዳሹ ከሣጥኑ ሥር፥ ጨርቅ በማይሸፍነው ቦታ፥ ስሙንና የሠራበትን ዓመት በእርሳስ ይጻፍ። አሮጌዎቹም ሳንቃዎች ለማገዶ አይሂዱ፤ ወረቀቱ እንደ ተለጠፈባቸው በጨርቅ ተጠቅልለው ከአዲሱ ሣጥን ጋራ ለባለቤቱ ይሰጡ።