አንድ ሎክ ለሁሉም እስከ መቼ?

ይድረስ ኢሙሌተር ለምትጽፉ ፕሮግራመሮች፤

 ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር የሚያወርደውን፣ ጣሊያን የሠራውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የተጓዘ የምለውን ያውቀዋል። ኩርባ ላይ ሁለት የጭነት መኪኖች ሲገናኙ አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል፤ ለአንድ ኩርባ ተብሎ ግን እስከ ዛሪማ ያለው መንገድ በሙሉ አይዘጋም። እናንተ የምትዘጉት በሙሉ ነው።

ኢሙሌተር የአንዱን ፕሮሰሰር ኮድ ለሌላው ሲተረጉም፣ እንደገና ላለመልፋት የተረጎመውን ብሎክ በኮድ ካሽ ያስቀምጠዋል። ብዙ ትሬዶች ካሹን ሲጋሩት የብዙዎቻችሁ መላ ያው አንድ ሙቴክስ ነው። ፕሮግራሙ ስለማይወድቅ «ሠራ» ተብሎ ይታለፋል። አንድ ብሎክ የሚተረጎመው ባብዛኛው አንዴ ሆኖ ሳለ ሚሊዮን ጊዜ ሊፈለግ ይችላል፤ ለፍለጋው ሁሉ ወረፋ ማሰለፍ ግን ምን ይሉታል?

ፋብሪስ ቤላር የጀመረው ኢሙሌተር ኪው-ኢሙ እንኳ በዚሁ አልፏል። ሙሉ ማሽን ሲያስመስል ፕሮሰሰሮቹን ሁሉ ለዓመታት በአንድ ትሬድ ተራ በተራ ያስኬድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ስሪት 2.9 ለየፕሮሰሰሩ ትሬድ ሲሰጥም ካሹን የሚጠብቀው «ቲቢ ሎክ» የሚሉት አንድ ትልቅ ሎክ ነበር። በ2018፣ በ3.0፣ ተወገደ። እስከዚያ ድረስ ፍለጋው ያለ ሎክ በሚነበብ ሃሽ ቴብል ሆኖ፣ ተርጓሚ ትሬዶችም የየራሳቸው የካሽ ቁራሽ ደርሷቸው ነበር። ሁለት ትሬዶች አንዱን ብሎክ እኩል ቢተረጉሙት ቀድሞ የተመዘገበው ይጸናል፤ የዘገየው የራሱን ጥሎ ያንኑ ይጠቀማል። የባከነው ትርጉም ከወረፋው ይረክሳል።

ከባዱ መሻር ነው። ፕሮግራሙ የራሱን ኮድ ሲቀይር ከዚያ የሜሞሪ ገጽ የተተረጎመው ዋጋ ያጣል። እዚህ ላይ ሎክ የግድ ነው፤ የሚቆለፈው ግን ገጹ ብቻ። ብዙ ገጾች ሲያዙም ሁልጊዜ ከዝቅተኛው አድራሻ ወደ ከፍተኛው ነው፤ አለዚያ ትሬዶቹ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ይቀራሉ። ካሹ ሞልቶ ሲጠረግ ግን ሁሉም ይቁም፤ አንዱ እያስኬደው ያለውን ኮድ ሌላው ሊያጠፋበት አይገባም።

ይህን አንብቦ ነገ ሎኩን ሁሉ የሚነቅል እንዳይኖር ደግሞ እሰጋለሁ። ብሎኩን ጽፎ ቅደም ተከተሉን ሳያስጠብቅ አድራሻውን የሚያወጣ ኮድ ኢንቴል ላይ ብዙ ጊዜ ደህና ይመስላል፤ ፕሮሰሰሩ የተጻፈውን በቅደም ተከተሉ ያሳያልና። አርም ላይ ይጋለጣል።

እባካችሁ፣ ሎክ ከመጨመራችሁ በፊት ትሬዶቹ በመጠበቅ የሚያጠፉትን ጊዜ ለኩ። የጨመራችሁትም የትኛውን መረጃ እንደሚጠብቅ ከጎኑ በአንድ መስመር ጻፉበት።