ለትውልድ መንደራችሁ ውሃ ስታዋጡ ጥጃውንም ቁጠሩት



መስከረም በመጣ ቁጥር ሰንጋ ተራ በምሠራበት ክሊኒክ ክረምቱን ገጠር አያቶቻቸው ጋር አሳልፈው በተቅማጥ የሚመለሱ ልጆች ይበዙብኛል። በቅርቡ አንዲት እናት የ5 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች (የምጽፈው በፈቃዷ ነው)። ልጁ ውሃ ከየት ይጠጣ እንደነበር ስጠይቃት ትንሽ ቅር አላት። «ዶክተር፣ እኛ እኮ ተዋጥተን ጉድጓድ አስቆፍረንላቸዋል!» አለችኝ። ልጁን ራሱን ጠየቅሁት። «ከጥጃዎቹ ጋር፣ ወንዝ» አለኝ።

ጉድጓዱ ደህና ይሠራል። ነገር ግን «ለሰው መጠጥ ብቻ» ተብሎ ስለተሠራ ከብት እንዳይጠጋው ታጥሯል። ስለዚህ ከብቶቹ ወንዝ ይወርዳሉ። ጥጃ የሚጠብቁት ልጆችም ተከትለው ይወርዳሉ፤ ሲጠማቸው እዚያው ጎንበስ ብለው ይጠጣሉ። የክረምት ወንዝ ደግሞ ከየበረቱ፣ ከየማሳውና ከየሜዳው የታጠበውን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው።

ዛሬ አቋሜን ልንገራችሁ፦ ከብቱንና ጓሮውን ያልቆጠረ የገጠር ውሃ ልጆቻችንን በሚገባ አይጠብቅም።

እስቲ እንቁጠር። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። አንድ ትልቅ ጀሪካን ማለት ነው። አንዲት ላም በሞቃት ቀን ብቻዋን ከዚያ በላይ ልትጠጣ ትችላለች። አምስት ሰው ላለበት ቤት 125 ሊትር ይደርሰዋል እንበል፤ ሁለት በሬ፣ አንድ ላምና ጥጃዋ ሲጨመሩበትስ?

ውሃ በፈረቃ የሚመጣልን የአዲስ አበባ ሰዎች መልሱን እናውቀዋለን። ውሃ ሲያጥር መጀመሪያ የምንተወው መታጠብን ነው። ገጠርም እንዲሁ ነው፤ የልጁ ፊትና እጅ ሳይታጠብ ይውላል። ትራኮማ የሚዛመተው በቆሸሸ ፊት፣ በእጅና በዝንብ ነው፤ የአማራ ክልል ደግሞ በአገራችን በዚህ በሽታ እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ተቅማጡም በዚያው መንገድ ይመጣል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከብቱን ከውሃው ማባረር ሳይሆን ለከብቱም ቦታ ማዘጋጀት። ምንጭ ሲጎለብት ሰው ከቦኖው ይቀዳል፤ ከማጠራቀሚያው የሚተርፈው በቧንቧ ራቅ ብሎ ከታች ወዳለ የከብት ማጠጫ ገንዳ ይሄዳል፤ ከቦኖው ሥር የሚፈሰው ደግሞ ጎመንና ካሮት ወደተተከለበት ጓሮ ይመራል። ጉድጓድ ከሆነም ገንዳው ከአጥሩ ውጭ ይሠራል። ያን ጊዜ ልጁ ጥጃውን ተከትሎ ቢሄድም የሚደርሰው ንጹሕ ውሃ ጋ ነው። ጎመኑና ወተቱም ለልጁ ገበታ ይደርሳሉ።

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም። በምሥራቅ ሐረርጌ ጎሮ ጉቱ ወረዳ ለመጠጥም ለመስኖም የሚያገለግሉ የውሃ ሥራዎች ተመርምረው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ጥቅማቸው ከወጪያቸው እንደሚበልጥ አሳይቷል።

«ለሰው ያልበቃ ውሃ ለሽንኩርት ይሰጣል?» የምትሉኝ አላችሁ። ስጋታችሁ ልክ ነው። ለዚህ ነው የውሃ ኮሚቴው ደንብ መጠጥን ማስቀደም ያለበት፤ በበጋ ውሃው ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቆመው የጓሮው ነው። ግን ሌላውንም ጎን እዩት። ብዙ ፓምፕ ተበላሽቶ የሚቀረው ለመለዋወጫ የሚከፈል ስለሚጠፋ ነው። ሽንኩርትና ወተት የሸጠ ቤተሰብ ለጥገና የሚያዋጣው አይጠፋም።

የእኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሰንጋ ነው። ዛሬ ግን በባንክና በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል ሰንጋ የምናስታውሰው ለቅርጫ ስንሰበሰብ ነው። ስናዋጣ ከብቱን የምንረሳው ምናልባት ለዚህ ይሆናል። የመንደራችሁ ማኅበር የመዋጮ ወረቀት ሲያመጣላችሁ ብር ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ሰው ብቻ ነው ወይስ ከብቱም ተቆጥሯል? ገንዳው የት ነው?
2. የሚተርፈው ውሃ ወዴት ይፈሳል?
3. ውሃ ሲያንስ ማን ይቀድማል? ሲበላሽስ ማን ይከፍላል?
4. ኮሚቴው ውስጥ ውሃ የሚቀዱት እናቶች አሉበት?
5. የተባይ መድኃኒት መርጫ ከምንጩ ርቆ እንዲታጠብ ተወስኗል? የመድኃኒቱ ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን ለመጠጥ ውሃ መዋል የለበትም።

እስከዚያው ልጆቻችሁን ወደ ገጠር ስትልኩ ውሃ አፍልተው እንዲያጠጧቸው ለአያቶቻቸው ንገሩ። ከጥጃ ወደ ሰው የሚተላለፈው ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተሕዋስ ክሎሪንን ይቋቋማል፤ ማፍላት ግን ይገድለዋል። ኦ.አር.ኤስም በሻንጣቸው ክተቱ። ተቅማጡ ደም ካለው፣ ልጁ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ከደከመ ወይም መጠጣት ካቃተው በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወዲያው ይወሰድ።

ያቺ እናት ልጇ ከዳነ በኋላ ደወለችልኝ። ማኅበራቸው ለገንዳ እንደገና ሊያዋጣ ነው። እናንተ ግን ሁለት ጊዜ ከማዋጣት ከአሁኑ ጠይቁ፤ ይህን ጽሑፍም ለማኅበራችሁ ሰብሳቢ ላኩለት።

ጤና ይብዛላችሁ።